የዛገውን ሳጥን አስወለቅሁት

ይድረስ ለባለቤቴ ለጌታነህ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። እንደ ደብዳቤው ወግ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ሐምሌ ላይ አፈር ሲመለስብህ በዓይኔ አይቻለሁና ተውሁት። እኛ ደኅና ነን። ልጅህ ጽጌ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ላሟ ወልዳለች። የጓሮውን አጥር ንፋስ ጥሎት እንደገና አሳጥሬዋለሁ። መኪናህንም ቀይሬያታለሁ። የፒካፕህን የዛገ የኋላ ሳጥን አስወልቄ በምትኩ ጎንና ጎን የሌለው ጠፍጣፋ የጣውላ ወለል አሠርቼላታለሁ። ይኸን ስትሰማ ፊትህ እንዴት እንደሚከፋ ይታየኛል። ግድ የለም፣ ይክፋ። እንደ ልማድህ ባርኔጣህን አንሥተህ፣ ነገሬን ሳልጨርስ መውጣት አትችልም።

አባቴ መሪጌታ ፊደል ስላስቆጠሩኝ «ሴት ልጅ ጽሕፈት ተምራ ለማን ልትጽፍ ነው?» እያልህ ከጓደኞችህ ጋር ትሥቅብኝ ነበር። ለማን እንደሆነ ይኸው አየኸው።

ከለቅሶህ ልነሣ። የደብረ ብርሃን ሰው ሲያለቅስልህ ብትሰማ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስልህ ነበር። በቁምህ «ያ ቀልማዳ» ይሉህ የነበሩ ሁሉ «የአንኮበር መንገድ አባት ሞተ» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ጭነቴን አበሰበሰብኝ ብሎ አንድ ጊዜ በሽማግሌ የከሰሰህ ሰውዬ ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ ፊት ተቀምጦ ደግነትህን ሲዘረዝር ዋለ። ንፍሮውንም ከሁሉ አብልጦ በላ። ሳንባህ አፍኖህ እያቃሰትህ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጉንፋን ነው» እያልህ በካፖርት ሸፍነኸው እንደ ከረምህ ግን አንድም ሰው አላነሣም። እኔም ዝም አልሁ። ለቅሶ ቤት እውነት አይነገርም።

ወንድምህ ዘውዴማ ካፖርቱን በትከሻው ጣል አድርጎ ከበራችን ቆሞ፣ ለመጣው ሁሉ እጅ እየነሣ፣ ቤቱን ከነሰዉ ተረከበው። በአርባህ ማግሥት ጠራኝና «መኪናዋን እኔ እቆጣጠራታለሁ። የወንድሜ መታሰቢያ ናት፤ እንዳለች ትኑር» አለኝ። ዘውዴ መንዳት አይችልም። መጫን አይችልም። ጎማ ሲፈነዳ ከጋቢናው ወርዶ ዛፍ ሥር ይቆማል። መቆጣጠር ግን ይችላል፤ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ በየመንደሩ በመስኮት እጁን እያወጣ ሰላምታ መስጠት መቆጣጠር ከተባለ።

የሚነዳው ሁሴን ነበር፤ አንተ ራስህ መሪ መያዝ ያስተማርኸው የአልዩ አምባው በርበሬ ነጋዴ። በቅሎዎቹ በበሽታ ካለቁበት ወዲህ ከኛ ጋር ነው የሚሠራው። ብዙ አይናገርም። ስለ መኪናዋ ስጠይቀው «አልሐምዱሊላህ፣ ትሄዳለች» ይለኛል፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቀውም ነበር።

በአርባህ ዕለት የሆነውን ደግሞ ስማ። አንዲት እግሯን የምትጎትት ሴት መጣች። ብርቄ ትባላለች፣ አንኮበር አጠገብ ከጎረቤላ የመጣች ቅቤ ነጋዴ ናት አሉኝ። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ገና ሳትቀመጥ እንዲያ ያለ ልቅሶ አለቀሰች፤ እኔ ሚስትህ አፈርሁ፣ እንባዬ አነሰብኝ። ሴቶቹ አንድ ጊዜ እሷን አንድ ጊዜ እኔን አዩ። የሚታሰበውን አሰቡ። እኔም አሰብሁ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችሁንም ናቅኋችሁ። አንተን፣ በሳምንት ሦስት ቀን አንኮበር የምትመላለሰው ለእህልና ለበርበሬ እየመሰለኝ የመንገድ ልብስህን ሳጥብልህ ኖሬ። እሷን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ስለ እግሯ ሳይቀር ናቅኋት። «ጌታነህ ምን ጊዜም የተሰበረ ነገር ማግኘት ይወዳል» አልሁ በልቤ። መኪናዋንም ያመጣሃት እንደዚያው ነበርና።

ያመጣሃት ቀን ትዝ ይልሃል? መንገድ የሚሠሩት ፈረንጆች ሰልችተው የጣሏትን ገዝተህ ከአዲስ አበባ ስትገባ የገበያው ሰው ሁሉ ወጥቶ አየህ። በማግሥቱ አንኮበር እናትሽ ዘንድ ላድርስሽ ብለህ ወሰድኸኝ። ገና ሙሽራ ነበርሁ። ጋቢናው ውስጥ ዘውዴ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ ሳጥኑ ውስጥ ባና ተከናንቤ። ቁንዲ ተራራ አጠገብ ጉሙ ሲውጠን መስኮቱን አንኳኩቼ በረደኝ አልሁህ። አቁመህ ወረድህና ካፖርትህን አውልቀህ ሰጠኸኝ። ቦታውን ግን አልሰጠኸኝም። ወንድምህን ውረድ ማለት አትችልም ነበር። ካፖርቱ ይሞቅ ነበር፤ ስለዚህ ዝም አልሁ። ብዙ ነገር ዝም ያልሁት እንደዚያ ነው፤ ትንሽ ሙቀት እየሰጠኸኝ።

ዝገቱ ያን ጊዜም ነበር። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አረንጓዴ ቀለም በቆርቆሮ ይዘህ ትመጣለህ። ዝገቱን ሳታስፍቅ በላዩ ትቀባለህ። አንድ ዓመት «መጀመሪያ በብረት ብሩሽ ቢፋቅ አይሻልም?» ብልህ «ሴትና መኪና ሲቀቡ ነው የሚያምርባቸው» ብለህ ጓደኞችህን አሣቅህብኝ። የኋላው መዝጊያ ላይ ስምህን በነጭ ያስጻፍህ ጊዜማ ሠዓሊ ነኝ ያለው ሰውዬ «ጌታነሀ» ብሎ ጻፈው። እኔ አነበብሁት፤ አንተ አላነበብኸውም። ልነግርህ አስቤ ነበር፤ በሴትና በመኪና ስለሣቅህብኝ ተውሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ስም አንኮበር ተመላለስህ።

ጥር ላይ ሁሴን ከአንኮበር ገብስ ጭኖ ሲመጣ አንዱ ጆንያ ግማሹ ባዶ ሆኖ ደረሰ። አገላብጬ ባየው ተቀዷል። የቀደደው የሳጥኑ ወለል ነበር፤ በዝገት የተበላው ብረት እንደ ውሻ ጥርስ ተነሥቶ። ገብሱ ከቁንዲ ጀምሮ በቀዳዳው መንገድ ላይ ሲፈስ መጥቷል። ሁሴን «ወፉ ለምን ይከተለናል እያልኩ ነበር» አለኝ። ዘውዴ ወፎቹን አላየም። ሰላምታ ሲሰጥ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ይዤ ሳጥኑ ላይ ወጣሁ። ቀለሙን በቁልፉ ጫፍ ጫር ባደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ መጣ፤ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ። ከሁሉ በታች ያለው ቀይ ዱቄት ነው። መኻል ላይ አንድ ትልቅ የላሜራ ቁራጭ በአራት ብሎን ታስሮ እሱም ተቀብቷል። ምን እንደሚሸፍን ያን ዕለት አልጠየቅሁም። ግቢው ውስጥ ቆሜ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በምን ላይ ሰው ስትጭን እንደ ኖርህ አሰብሁ።

ሳጥኑ ይውለቅ ባልሁ ጊዜ ዘውዴ ሽማግሌ ሰበሰበብኝ። ሦስት ሆነው ኩታቸውን አጣፍተው መጡ። ወንበር አወጣሁላቸው። ዘውዴ ቆሞ «የሟች ስም የተጻፈበትን ዕቃ እንደ ጥራጊ ልትጥለው ነው። ወንድሜን ሁለተኛ ልትቀብረው ነው» አለ። አንደኛው ሽማግሌ ጺማቸውን እያሻሹ «ልጄ፣ ሴት ልጅ ስለ መኪና ምን ታውቃለች? እንዳለ ተይው» አሉኝ። እሳቸው ስለ መኪና የሚያውቁት ሲያልፍ አቧራ እንደሚያስነሣ ነው። ይኸን በልቤ አልሁት እንጂ ከአፌ አላወጣሁትም።

«አባቶቼ» አልሁ፣ «ዘውዴ ደኅና ነው ካለ ይውጣና መኻሉ ላይ ይቁምበት። እሱን ከያዘው እኔ ሁለተኛ አላነሣውም።»

ዘውዴ ወደ ሳጥኑ አየ። ከዚያ ወደ እግሩ አየ።

«ጫማዬ አዲስ ነው» አለ።

ማንም አልሣቀም፤ የሽማግሌ ሸንጎ ነውና። ሦስተኛው፣ እስከዚያ አንድ ቃል ያልተናገሩት፣ ከወንበራቸው ተነሥተው በኋላው መዝጊያ በኩል ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ደገፍ ቢሉበት ከዘራው እስከ ግማሹ ሰጠመ። ጎትተው አወጡት፣ ጫፉን በኩታቸው ጠረጉ፣ «አስወልቂው ልጄ» ብለው ወጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘውዴ ጋቢና ውስጥ አልተቀመጠም። ዛሬ የሚቆጣጠረው የጠጅ ቤት አግዳሚ ነው ይሉኛል።

ሥራው በዐቢይ ጾም ሆነ። ከገበያው በታች ካለ በያጅ ዘንድ ወሰድናት። ብሎኖቹ ከብረቱ ጋር አንድ ሆነው በመፍቻ እምቢ ስላሉ በብረት መጋዝ ቆረጣቸው። አራት ሰው ሳጥኑን አንሥቶ ሲያወርደው ቁና የሚሞላ ዝገት መሬቱ ላይ ፈሰሰ። መኪናዋ ራቁቷን ቀረች፤ ከጋቢናዋ ኋላ ሁለት ረጃጅም የሻንሲ ብረቶች ብቻ። አሳዘነችኝ። በያጁ ብረቶቹን በመዶሻ አንኳክቶ አዳመጠና «ይኼስ ገና ልጅሽን ይድርልሻል» አለኝ።

ያ የላሜራ ቁራጭ ሳጥኑ ሲወድቅ ተገንጥሎ ነበር። ከሥሩ የሰው ራስ የሚያስገባ ቀዳዳ ወጣ፤ ዳሩ እንደ መጋዝ የሾለ። ሁሴን አጠገቤ ቆሞ አየውና፣ የማውቅ መስሎት፣ «የብርቄ እግር የገባበት» አለ።

«የማን?» አልሁት።

አፉን በእጁ ያዘ። «ወላሂ የምታውቂ መስሎኝ ነው። የሞተን ሰው ነውር ማንሣት በኛ ደግ አይደለም» አለ። አልለቀቅሁትም። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ነገረኝ። ከመሞትህ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ብርቄ ቅቤዋን ይዛ ሳጥኑ ውስጥ ተሳፍራለች፣ ሁሴን አጠገቧ ነው፤ አንተ ትነዳለህ፣ ዘውዴ ጋቢና ነው። መንገዱ ሲያነጥራችሁ ወለሉ ከሥሯ ተከፈተ። እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ፤ ሁሴን ጣራውን እየደበደበ ጮኾ መኪናዋ እስክትቆም ድረስ መንገዱ እግሯን ጎተተው። አንተ ተሸክመህ አወረድሃት፣ ወጌሻ ዘንድም አደረስሃት። በማግሥቱ ላሜራውን አሰርህበት። በሦስተኛው ቀን ቀባኸው።

መስከረም ነበር። እኔ ለመስቀል መስሎኝ «አማረባት» ብዬህ ነበር።

ዘውዴ ስለ ምን ወደ እግሩ እንዳየም ያን ጊዜ ገባኝ። ያውቅ ነበር። እያወቀ «እንዳለች ትኑር» አለ፤ እያወቀ በየሳምንቱ ከኋላው ሰው ሲጫን ወደ ፊት እያየ ሄደ።

አዲሱ ወለል ለፋሲካ ደረሰ። የጥድ ጣውላ ነው፤ በብረት ላይ በብሎን የታሰረ፣ ዙሪያውን የገመድ ማሰሪያ ቀለበት ያለው። ቀለም እንዳይነካው ከለከልሁ። በያጁ «ትንሽ አረንጓዴ ጣል ብናደርግበት ያምር ነበር» ሲለኝ በምን ዓይን እንዳየሁት አላውቅም፤ ቆርቆሮውን መልሶ ከደነው። የተቃጠለ ዘይት ብቻ አስቀባሁት፤ የጣውላው ስንጥቅ ቢመጣ በዓይን ይታያል። የከተማው ሰው «ገበታው» ብሎ ስም አወጣለት። ይበሉ። እህል እንጭንበታለን፣ ሣር እንጭንበታለን፣ የመንዝ ሱፍ እንጭንበታለን። ሰው አንጭንበትም። በዚህ ብዙዎች ተቀየሙኝ። «ጌታነህ እኮ ያሳፍረን ነበር» ይሉኛል። እኔንም አሳፍሮኛል።

በመጀመሪያው ጭነት ከሁሴን ጋር ጎረቤላ ሄድሁ። ምጥ ሳይዘኝ ጋቢና ውስጥ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። መንገዱ ከፊት ለፊት ሲታይ ሌላ መንገድ ነው፤ እኔ የማውቀው ኋላ ኋላ የሚሸሸውን ነበር። ብርቄን ከደጇ ቅቤ ስታጥብ አገኘኋት። ግድግዳ ይዛ ልትነሣ ስትታገል አይቼ ቶሎ ብዬ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«እግርሽ እንዴት እንደሆነ ዛሬ ነው የሰማሁት» አልኋት፤ ዛሬም አልነበረም፣ ግን አፌ ያመጣው ይኸን ነው።

እጇን ከውኃው አውጥታ በቀሚሷ አደረቀች። «ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለች። «እስካሁን እግርሽን ምን ነካው ያለኝ የለም። ጌታነህ እጄን ይዞ ለመነኝ። ‹ሚስቴ አትስማ፤ ከሰማች ትንቀኛለች› አለኝ። አሳዘነኝ። እሺ አልኩት።»

አየህ የሠራኸውን? ስለ እግሯ በዚያው ቀን ብትነግረኝ እቆጣህ ነበር። አለቅስ ነበር፣ ሳምንት አላናግርህም ነበር። ቅቤና ገብስ ተሸክሜ እየሄድሁ አስታምማት ነበር። አልንቅህም ነበር። መናቅን የተማርሁት አንተ ንቀቴን ፈርተህ ከደበቅኸው ነገር ነው።

ያንን ነገር ሳልጠይቃት መመለስ አልቻልሁም። «ታዲያ በአርባው እንዲያ ያለቀስሽለት ለምንድን ነው?» አልኋት።

«ለሱ መሰለሽ?» አለች። «ለእግሬ ነው ያለቀስኩት። ቤቴ ባለቅስ ጎረቤት ምን ሆነች ይላል። ለቅሶ ቤት ግን ለማን እንደምታለቅሺ ማንም አይጠይቅሽም።»

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወዲያ መደበቅ ነውር መሰለኝና ሰባት ወር ሙሉ ስለ እሷና ስለ አንተ ያሰብሁትን ነገርኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ትክ ብላ አየችኝ፤ «እኔና ጌታነህ?» አለች፤ ትንሽ ቆይታ «በዚያ ጺሙ?» አለች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። ባሏ የሞተባት ሴትና ያው ባል እግሯን የሰበራት ሴት ቅቤ መኻል ተቀምጠን ጺምህ ላይ ሣቅን። ስንጨርስ ዓይናችን ረጥቦ ነበር፤ የየትኛው እንባ እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ብርቄ ቅቤዋን ይዛ ደብረ ብርሃን ስትወጣ የምትቀመጠው ጋቢና ነው። ስትሳፈር ሁሴን ወርዶ በሩን ይይዝላታል። ከጎረቤላ እስከ ደብረ ብርሃን አፏ አይዘጋም፤ ሁሴን በርሷ ምክንያት ወሬ ለመደ። ወጌሻው ያበላሸውን ሐኪም አይቶት አጥንቱ ስለ ጠመመ ከእንግዲህ አይቃናም ብሏታል። ስለዚህ የተስተካከለ ነገር የለም፤ መቀመጫዋ ብቻ ተለወጠ። ይኸንንም አንተ ልታደርገው ትችል ነበር። ወንድምህን ውረድ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ይኸን ሁሉ ስጽፍ ሌላውን ረስታዋለች እንዳትል። ጽጌን ሳምጥ ትዝ ይለኛል። ክረምት ነበር፤ ከእናቴ ዘንድ አንኮበር ሁለት ቀን አምጬ ልጁ እምቢ ሲል ጋቢና ውስጥ አስተኝተህ ወደ ደብረ ብርሃን ተነሣህ። ጭቃው ጎማውን ዋጠው። ከጅረቱ ድንጋይ እየተሸከምህ ከጎማው ሥር ታነጥፋለህ፣ ትንሽ ትሄዳለች፣ ደግሞ ትሰጥማለች፤ ከጠዋት እስከ ቀትር። የእጅህ ቆዳ ተገሽልጦ መሪው ደም ሆነ። እንዳልፈራ ትዘፍን ነበር፣ ዜማው ሁሉ ጠፍቶህ። ጽጌ በሕይወት የወጣችው በዚያ ድንጋይ ነው። እንደዚያ ቀን የወደድሁህ ቀን የለም፤ እንደዚያ ቀንም ግራ የሚያጋባኝ የለም። ጭቃ ያልፈራ ሰው፣ ወንዝ ያልፈራ ሰው፣ ሚስቱ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እንዴት ይፈራል?

ሙት ዓመትህን ሐምሌ ላይ አውጥቻለሁ። ዘውዴ መጥቶ በላ፤ ጫማው አርጅቷል። ሰዎቹ እንደገና ደግነትህን ሲያወሩ ብርቄ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። እኔም ማንንም አላረምሁም።

ጌታነህ፣ እኔ አስካለ ቃሌን እሰጥሃለሁ። በየዓመቱ የክርስትና ስምህን ለቄሱ እሰጣለሁ። መቃብርህን አጸዳለሁ። ጽጌ ስታድግ እሷን ለማዳን ድንጋይ እንደ ተሸከምህ እነግራታለሁ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው መቀመጫ፣ ስለ ብርቄም እነግራታለሁ። ሰው «ደግ ነበር» ሲለኝ አዎ ደግ ነበር እላለሁ፤ ፈሪ እንደ ነበርህም አልረሳም። ሌላው ሰው አንዱን ብቻ ያስታውስልሃል። ሁለቱን አንድ ላይ የማስታውስልህ እኔ ብቻ ነኝ።

ሚስትህ አስካለ
ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት